«ሜይ ዴይ!»፦ ቡፋሎ የማትረሳው ድምፅ

እንደምን አመሻችሁ። ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። በተለይ እናንተ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁት ልጆች፣ በስልካችሁ ኳስ በአማርኛ የምታስተላልፉት፣ ዛሬ የመጣሁት ለእናንተ ነው። አዘጋጆቹ «ስለ ስፖርት ማስተላለፍ ንገረን» ሲሉኝ ስለ እግር ኳስ የማወራ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የማወራላችሁ ስለ በረዶ ሆኪ ነው። ስለ አንድ የሬዲዮ ሰው። ሪክ ጄነሬት ይባላል። አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ባለችው በቡፋሎ ከተማ በሙሉ ስሙ የሚጠራው ሰው አላጋጠመኝም። ለሁሉም አር ጄ ነው።

ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ወደ አገር ቤት ስመለስ ብቻ በእኛ እቆጥራለሁ።

አር ጄ ያረፈው ኦገስት 17 ቀን 2023፣ በ81 ዓመቱ ነው። ሐሙስ ነበር። እኔ ታክሲ ላይ ነበርኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች። የሆስፒታል ሠራተኛ መሆኗ ከልብሷ ያስታውቃል። ሬዲዮው ዜናውን ተናገረ። ሁለታችንም ዝም አልን። መብራት ይዞኝ ስቆም በመስታወቱ አየኋት። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ትጠርጋለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «ሜይ ዴይ፣ ሜይ ዴይ፣ ሜይ ዴይ» አለች። ቤቷ ደረስን። ሂሳብ ከፈለች። በሩን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «አባቴ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር የሚሰማው» አለችኝ። «እናቴ ራት ደርሷል ስትለው ‹ይቺ ክፍለ ጊዜ ትለቅና› ይላል። እኔም አብሬው እቀመጣለሁ። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።» ይህን ብላ ወረደች።

ስለዚያች ሴት ብዙ አስቤያለሁ። ያለቀሰችው ለማን ነው? ለአር ጄ ነው። ለአባቷም ነው። የሁለቱ ኀዘን አንድ ላይ ነው የመጣው፣ ምክንያቱም የአባቷ መኪና ውስጥ ሦስተኛው ሰው አር ጄ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የሬዲዮ አስተላላፊ ሰው ቤት ይገባል። ከዚያ አይወጣም።

አር ጄ የካናዳ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ሴንት ካትሪንስ በምትባል የኦንታሪዮ ከተማ ተወለደ። ናያግራ ፎልስ ውስጥ በሬዲዮ ሠርቷል፣ ዘፈን ከፍቷል፣ የጠዋት ፕሮግራም መርቷል። ጨዋታ ማስተላለፍ የጀመረው በአጋጣሚ ነው። የወጣቶቹን ክለብ ጨዋታ የሚያስተላልፈው ሰው ታመመና እሱ ተተካ። ከዚያ በ1971 ቡፋሎ ሴበርስ ወሰደው። ክለቡ ገና ሁለተኛ ሲዝኑን መጀመሩ ነበር። አር ጄም እስከ 2022 ድረስ ከማይክሮፎኑ አልተለየም። 51 ሲዝን! በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ታሪክ ለአንድ ክለብ ይህን ያህል የቆየ አስተላላፊ የለም። እስቲ አስቡት፣ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ድምፅ ሰምተው አደጉ።

ሆኪ አይታችሁ የማታውቁ ትኖራላችሁ። ላስረዝም አልፈልግም። በረኛውን ጨምሮ በአንድ ወገን ስድስት ሰው ይገባል። ጫማቸው ሥር ስለት አለ። በዱላ የሚመቱት ነገር ፐክ ይባላል፣ ጥቁር፣ ጠፍጣፋና ክብ ጎማ ነው፣ መዳፋችሁ ላይ ልክ ይቀመጣል። ጥሩ መቺ ሲያገኘው በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ ሦስት ፔሬድ። ተጫዋቾቹ በየአርባና ሃምሳ ሴኮንዱ ይቀያየራሉ፣ ያውም ጨዋታው ሳይቆም። ሜዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያየ እንኳ ፐኩ የት እንደገባ የሚጠፋበት ሰው ብዙ ነው። አሁን ይህን ጨዋታ ለማያይ ሰው በቃል ተናገሩ ብትባሉ ከምን ትጀምራላችሁ?

እኔ ቡፋሎ የገባሁት በ2005 መኸር ላይ ነው። ዕድሜዬ ሃያ ስምንት። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ዳቦ ቤት ነው፣ የማታ ፈረቃ። አጠገቤ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ነበር። ወጣትነቱን በብረታ ብረት ፋብሪካ ነው የጨረሰው፣ ከከተማው በስተደቡብ ላካዋና የሚባለው ቦታ ላይ። ያ ፋብሪካ በደህናው ዘመን 20,000 ያህል ሠራተኛ ነበረው። በ1983 ብረት ማቅለጡን አቆመ። ከተማዋም ተራቆተች። በ1950 ከ580,000 በላይ ሰው የነበረባት ቡፋሎ እኔ በደረስኩበት ጊዜ ከግማሽ በታች ቀርታለች። ሽማግሌው ይህን ሁሉ የነገረኝ ሊጥ እየቆረጥን ነው። ያለ ምሬት ነበር የሚያወራው። ሬዲዮው ሲጀምር ግን ወሬው ያበቃል።

ያቺን ሬዲዮ ብታዩዋት! ከዱቄቱ ጆንያ በላይ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ዱቄት ጠግባ ነጭ ሆናለች። አንቴናዋ ተሰብሮ በሽቦ ተጠግኗል። የድምፅ መጨመሪያዋ ላይ ብቻ የሽማግሌው አውራ ጣት የጠረገው ጥቁር ክብ ምልክት አለ። ከዚያ ከቁራጭ ፕላስቲክ ውስጥ ያ ድምፅ ይወጣል። መጀመሪያ አንድም ቃል አልገባኝም። ያኔ እንግሊዝኛዬ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፣ እሱ ደግሞ ይፈጥናል። ግን ሳይገባኝ ይገባኝ ነበር። ድምፁ ዝቅ ካለ አደጋ የለም። ትንሽ ከፍ ካለ አንድ ነገር መጥቷል። ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ሲወጣ የሽማግሌው እጅ ሊጡ ላይ ይቆማል። የእኔም ይቆማል። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተጫዋቾቹን ስም በቃሌ ይዤ ነበር፣ አንዳቸውንም በመልክ ሳላውቅ።

ጊዜውም ጊዜ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ሲዝን በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች ጠብ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል። ከተማው ሆኪ ተርቧል። ሴበርስ ደግሞ ማንም ሳይጠብቃቸው ማሸነፍ ጀመሩ። ሜይ 13 ቀን 2006፣ ጥሎ ማለፉ ላይ፣ ከኦታዋ ጋር በኦታዋ ሜዳ። ጨዋታው ጭማሪ ሰዓት ገባ፣ መጀመሪያ ያገባ ያሸንፋል። ሴበርስ አንድ ሰው በቅጣት ወጥቶባቸው በጎዶሎ ነው የሚጫወቱት። እኛ ለመከላከል እየጸለይን ነው። ጄሰን ፖምንቪል የሚባል ልጅ ፐኩን ይዞ ሮጠ፣ አለፈ፣ አገባ። ኦታዋ ተሰናበተች። በጎዶሎ እየተጫወቱ በጭማሪ ሰዓት አግብቶ ተጋጣሚን ከውድድር ማስወጣት በሊጉ ታሪክ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው። አር ጄም ጮኸ። «አሁንስ አመናችሁ? አሁንስ አመናችሁ? እነዚህ ልጆች ጎበዞች ናቸው! የሚያስፈራ ጉብዝና!»

ሽማግሌው እንደዚያ እንደ ሊጡ ነጭ ሆኖ አቀፈኝ። አገሩን በማላውቀው አገር፣ ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ሲያቅፈኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ይህን ስናገር አሁንም ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ወደ ሙያው ልመልሳችሁ። የሆኪ ሬዲዮ አባት ፎስተር ሂዊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶሮንቶ ውስጥ በስልክ እየተናገረ ጨዋታ አስተላልፏል። «መታ፣ አገባ!» የሚለው የሆኪ ጩኸት በእሱ አፍ ነው የታወቀው። ዛሬ ለሆኪ አስተላላፊ የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት በስሙ ይጠራል፣ አር ጄም በ2012 ተቀብሎታል። ሂዊት ያስለመደው መሠረት ቀላል ይመስላል። ፐኩ ማን ጋ ነው? ሜዳው ላይ የት ነው? ወዴት እየሄደ ነው? እነዚህን ሦስቱን ሳይመልስ አስተላላፊው ሌላ ወሬ አይጀምርም። አር ጄ ይህን ጥንቅቅ አድርጎ ያውቃል። ግራው ጥግ፣ ከጎሉ ጀርባ፣ ሰማያዊው መስመር። እኔ ሊጥ እየቆረጥኩ ሜዳው በጭንቅላቴ ተስሎ ነበር። በኋላ በዓይኔ ሳየው የማውቀው ሰፈር የተመለስኩ መሰለኝ።

እናንተ ልጆች ስታስተላልፉ እሰማችኋለሁ፣ እወዳችኋለሁም። ግን አንዳንዴ «ኦ! ኦ! ኦ!» ትሉና ኳሱ ያለበትን ሳትነግሩን ታልፋላችሁ። እኔ መሪ ይዣለሁ። ማየት አልችልም። ኳሱ የት ነው ያለው?

ከ1997 ወዲህ የአር ጄ ድምፅ በቴሌቪዥንም በሬዲዮም አንድ ላይ ነበር የሚሄደው። ደስ የሚለኝ ነገር፣ ቴሌቪዥን ላይ ሆኖም እንደ ሬዲዮ ነበር የሚናገረው። ምስሉ አለ ብሎ አልሰነፈም። ጨዋታው የማይታየውን ሰው፣ መኪና ውስጥ ያለውን፣ ዳቦ ቤት ያለውን አልረሳም።

አሁን ወደ ሜይ ዴይ። ኤፕሪል 24 ቀን 1993። እኔ ያኔ ደሴ ነኝ፣ ቡፋሎ የምትባል ከተማ መኖሯንም አላውቅም። ግን ቅጂውን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሴበርስ በጥሎ ማለፍ አንድም ተጋጣሚ ካሸነፉ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል። አሥር ዓመት! ቦስተንን ሦስት ጊዜ ተከታትለው ረትተዋል፣ አራተኛውን ካሸነፉ አለፉ። አምስት ለአምስት፣ ጭማሪ ሰዓት፣ በድሮው «ኦድ» በሚሉት አዳራሽ። ፓት ላፎንቴን በረዶው ላይ ወድቆ፣ እንደወደቀ ፐኩን አቀበለ። ለማን? ብራድ ሜይ ለሚባል ልጅ። ይህ ልጅ ጎል አዳኝ አይደለም። ጠንካራ ነው፣ ይጋፋል፣ ይደባደባል። ፊቱ ላይ ሬይ ቡርክ ቆሟል፣ ከዘመኑ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ። ሜይ አታለለው። በረኛውን አንዲ ሙግንም አታለለው። አገባ። በዚህ ጊዜ አር ጄ ድምፁ እስኪሰነጠቅ «ሜይ ዴይ! ሜይ ዴይ! ሜይ ዴይ! ሜይ ዴይ! ሜይ ዴይ!» አለ።

ቆም ብላችሁ ስሙት። እኛ ቅኔ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ይህ ሰምና ወርቅ ነው። ሰሙ የልጁ ስም ነው፣ ሜይ፣ የሜይ ቀን። ወርቁ ደግሞ መርከብ ሲሰጥም፣ አውሮፕላን ሲወድቅ በሬዲዮ የሚጠሩት የጭንቅ ጥሪ ነው፣ «ርዱኝ» ማለት ነው፣ ከፈረንሳይኛ የመጣ። ፋብሪካዋ የተዘጋባት፣ ልጆቿ የተሰደዱባት፣ ክለቧ አሥር ዓመት የተሸነፈባት ከተማ፣ የጭንቅ ጥሪው በደስታ ቀን ተጮኸላት። አንድ ሰው በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ይህን ከአፉ አወጣ። የቅኔ መምህር ቢሰማው ጉባኤ ላይ «ይበል!» ይል ነበር።

ጩኸት ብቻ አልነበረውም። ጎሉ ከላይ፣ ከበረኛው ትከሻ በላይ ሲገባ የሚላት ነገር ነበረችው። «ላይኛው መደርደሪያ፣ እማማ ኩኪስ የምትደብቅበት!» ይህችን ሽማግሌው ሲተረጉምልኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኛ ቤት ቡፌ ነበር፣ ባለ መስታወት። ብስኩቱ ከላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎቹ ጀርባ፣ የኔ እጅ የማይደርስበት። ወንበር ላይ ወጥቼ በጣቴ ጫፍ የነካሁት የላስቲኩ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አያችሁ? ደሴ ያደገ ሰው በረዶ ላይ የተቆጠረ ጎል በእናቱ ቡፌ በኩል ገባው።

ስለ ድሉ ብቻ ካወራሁ ግን ዋሽቻለሁ። ሴበርስ ዋንጫ የላቸውም። በ1975 ፍጻሜ ደርሰው ተሸነፉ። በ1999 ደግሞ ከዳላስ ጋር ደርሰው፣ ያውም በሦስተኛው ጭማሪ ሰዓት፣ ዛሬም ድረስ ከተማው «ጎል አይደለም» ብሎ በሚከራከርበት ጎል ተሸነፉ። ከ2011 በኋላ እስከ አር ጄ የመጨረሻ ዓመት ድረስ ጥሎ ማለፍ እንኳ አልገቡም። አሥራ አንድ ሲዝን! ይህን ነው እኔ ይበልጥ የማደንቀው። ጃንዋሪ ነው፣ በረዶው እስከ መስኮት ደርሷል፣ ክለቡ አምስት ለአንድ እየተመራ ነው፣ ለደረጃውም ፋይዳ የለውም። አር ጄ ግን እዚያው ነው። አንድ አዲስ ልጅ ጥሩ አቀብሎ እንደሆነ አያልፈውም፣ ስሙን አድምቆ ይጠራዋል። በ2014 የጉሮሮ ካንሰር ያዘው። ያ ድምፅ የሚወጣበት ጉሮሮ ነው የታመመው። ታከመ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተመለሰ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ድምፁን እንደገና የሰማሁበትን ምሽት አስታውሳለሁ። ትንሽ ሻከር ብሏል። መኪናዬን ዳር ይዤ አቆምኩ።

እኛም አገር ይህ አለ። እናንተ ወጣቶች ላትደርሱበት ትችላላችሁ። በ1980 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን የሴካፋን ዋንጫ ስናነሳ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደሴ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ባለ ባትሪ ሬዲዮ ያለው ሰው ግቢ ተሰብስቧል። ሰው ሬዲዮውን ያየዋል፣ ከሬዲዮው ምስል የሚወጣ ይመስል። ደምሴ ዳምጤ የሚለውን ስም ለዚያ ዘመን ሰው ጥሩለትና ፊቱን እዩት። ኳሱን ያየነው በደምሴ ዓይን ነው። ነፍሱን ይማር። ስለዚህ ሽማግሌው ስለ አር ጄ ሲያወራ እኔ ምንም አልከበደኝም። አውቀዋለሁ እኮ! ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ ያ ሰው ደሴም ግቢያችን ውስጥ ነበር።

ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ክለቡ የአር ጄን ምሽት አዘጋጀ። ስሙ የተጻፈበት ባንዲራ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ጎን ጣሪያው ላይ ተሰቀለ። ሽማግሌውን ይዤው ሄድኩ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ ጉልበቱም ደክሟል፣ ደረጃውን ስንወጣ አራት ጊዜ አረፍን። ባንዲራው ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ሁሉ ቆሟል። ሽማግሌው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ያልጠበቅሁት ነገር፣ ዓይኑን ጨፈነ። «ለምን አታይም?» አልኩት። «እኔ እሱን አይቼ አላውቅም፣ ሰምቼ ነው የማውቀው» አለኝ። በዚያው ወር 29 ላይ አር ጄ የመጨረሻ ጨዋታውን አስተላለፈ። ከቺካጎ ጋር ነበር። በጭማሪ ሰዓት አሸነፉ፣ የመጨረሻ ጎሉንም እንደ ድሮው ጮኾ ሸኘው።

ከዚያ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ አረፈ። ያን ሐሙስ ማታ፣ ሴትዮዋን ካወረድኩ በኋላ፣ ለሽማግሌው ደወልኩለት። ጆሮው ከብዷል፣ ስልክ ላይ መጮህ ያስፈልጋል። «ሰማህ?» አልኩት። «ሰማሁ» አለ። ዝም አለ። የዘጋው መስሎኝ ነበር። ከዚያ በዚያ በሻከረ ድምፁ ጀመረ። ላፎንቴን ወደቀ አለ። አቀበለ አለ። ሜይ ይዟል፣ መስመሩን አለፈ፣ ቡርክን አለፈ አለ። አንድ ቅብብል አልዘለለም። እኔ ታክሲዋን አቁሜ፣ መብራቷን አጥፍቼ፣ ጎሉ እስኪገባ ድረስ አዳመጥኩት።